መጠነኛ የተባለ ጆሮ

ጥቅምት 4

ሦስት መዝገብ። አንዱ የኪራይ፣ አንዱ የውክልና፣ አንዱ ደግሞ ባለጉዳዮቹ በር ላይ ታርቀው የገቡበት። የመጨረሻው ደስ አለኝ። ዳኛ ሳይፈርድ ሲያድር ደስ ይለዋል።

ዘንድሮ ግን ሰው ሁሉ ማጉተምተም ለምዷል። ጠበቆቹ አፋቸውን በወረቀት ከልለው ያወራሉ። ምስክሮቹ የሚመሰክሩት ለጫማቸው ነው። ዜና አንባቢዎቹ ሳይቀሩ ቃል ይውጣሉ... እኔ ደሞዝ የሚከፈላቸው ለማንበብ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ “ድምፅዎን ከፍ ያድርጉ” ያልኩት ስንት ጊዜ ይሆን? የእኔ ጉሮሮ ደረቀ፣ የእነሱ አልተከፈተም።

አመሻሽ ላይ ባለቤቴ ከበር ቆሞ አንድ ነገር ጠየቀኝ። “ዝናቡ ገና አሁን ማባራቱ ነው፣ ጣራው የትም አይሄድብህ” አልኩት። ለካ “ጫማሽን ላስጠግነው ወይ?” ነው ያለው። እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ዕድሜ ልኩን መሬት ሲቀይስ ኖሮ ጡረታ ወጣ፤ አሁን የሚለካው ቢያጣ እኔን ይለካል። ገባ ብሎ ቢናገር ምን ነበረበት?

ጥቅምት 9

ልጃችን ለምሳ መጣች። ከአባቷ ጋር መክረው እንደጠበቁኝ የገባኝ ሾርባው ሳይቀርብ ነው። “እማ፣ ጆሮሽን ተመርመሪ” አለች።

ስሙ ላይ እንኳ አልተስማሙም። ባለቤቴ ጆሮሽ ከብዷል ይላል። ልጄ የመስማት ችግር አለብሽ ትላለች። ችግሩ የተናጋሪው ነው አልኳት። ተያዩ... በእኔ ፊት ሲተያዩ አይሰማኝም ብለው ነው እንዴ? መተያየት እኮ ድምፅ የለውም።

ልጄ ከሄደች በኋላ አንድ የድሮ መዝገብ ትዝ አለኝ። የስድብ ክስ። ሰውየው ጎረቤቱን በሰው ፊት “ደንቆሮ” ብሎት ነው። ጠበቃው ተነሳና፣ ደንበኛዬ የጤና ሁኔታ ገለጸ እንጂ አልተሳደበም፣ ተበዳዩ እውነትም ጆሮው አይሰማም፣ የሐኪም ማስረጃ አቀርባለሁ አለ። ችሎቱ ሳቀ። እኔም ከንፈሬን ነከስኩ። አንድ ቃል ለሁለት ዓይነት ሰው፤ ለማይሰማም፣ ለማያውቅም። ሲናገረው የትኛውን አስቦ ነው? ከነምራቁ የወጣ ቃል የጤና መግለጫ አይሆንም ብዬ ቀጣሁት። ፍርዱ ልክ ነበር፣ ዛሬም አልቀይረውም። ግን ተበዳዩ... ያ ሁሉ ክርክር ተሰምቶት ነበር? አልጠየቅኩም። አንገቱን ሲነቀንቅ አይቼ የገባው መሰለኝ።

ለምርመራው እሄዳለሁ ብያቸዋለሁ። አፋቸውን ላስይዝ ብዬ ነው።

ጥቅምት 14

ሄድኩ። ግድግዳዋ እንደ ሶፋ የተለበጠ ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገቡኝ። ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ፣ እጄ ላይ ቁልፍ። ድምፅ ሲሰማዎት ይጫኑ ተባልኩ። ተጫንኩ። አንዳንዴ ሳይሰማኝም ተጫንኩ። ፈተና መውደቅ አልለመድኩም።

ባለሙያዋ የልጄ እኩያ ናት። ረጋ ያለች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ የምትረሳ ዓይነት። ወረቀት አሳየችኝ፤ እንደ ደረጃ ወደታች የሚወርድ መስመር። ከዚያ ወደ ኮምፒውተሯ ዞራ ማብራራት ጀመረች። እኔም አንገቴን መነቅነቅ ጀመርኩ። በመነቅነቅ የሚወዳደረኝ የለም። ከሁሉ መሀል አንድ ቃል ጥርት ብላ መጣችልኝ፤ “መጠነኛ”።

መጠነኛ! መጠነኛ ዝናብ፣ መጠነኛ ጭማሪ፣ መጠነኛ ጉዳት... በመጠነኛ ነገር የሞተ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ሌላውን ለኮምፒውተሩ ትንገረው። ስለ መሣሪያ አንድ ነገር አለች፣ አስብበታለሁ ብያት ወጣሁ። በነጻ እንደተሰናበተ ተከሳሽ ደረጃውን በሩጫ ወረድኩት።

ባለቤቴ ግን ቀያሽ ነው።

“መጠነኛ ስንት ነው?”

“መጠነኛ ነዋ።”

“እኮ በቁጥር።”

“በልክ ማለት ነው። በልክ ነው የማልሰማው።”

በልክ የሚጠጣ ሰው ዐውቃለሁ፣ በልክ የማይሰማ ግን የመጀመሪያዬ ነሽ አለኝ። በልክ እጠጣለሁ የሚለውም ይዋሻል ብሎ ጨመረበት።

ጥቅምት 15

ልጄ ደወለች፣ ምን ተባልሽ አለች። መጠነኛ አልኳት። እፎይ አለች። ቃሉ ይሠራል።

ኅዳር 2

የሁለት እህትማማቾች መዝገብ። አባታቸው ልብስ ሰፊ ነበር፣ ሞቷል። የተጣሉት በስፌት መኪናዎቹ ነው። ትልቋ፣ አባቴ በሕይወቱ ሸጦልኛል፣ የእኔ ናቸው ትላለች፤ እንጀራዋም እነሱ ናቸው። ትንሿ ደግሞ፣ አልሸጠላትም፣ እንዲሁ ነው የሰጣት፣ እንግዲህ ወደ ውርሱ ይመለሱና እንካፈል ትላለች። ክርክሩ ሁሉ ተጨምቆ አንድ ነገር ነው፤ ሸጠ ወይስ ሰጠ? አባትና ልጅ ደግሞ ውል አይጻጻፉም።

የትንሿ ጠበቃ ጠዋቱን በሙሉ ሰጣት፣ ሰጣት ሲል ዋለ። ከዚያ የትልቋ ምስክር ገባ። የአባትየው የዱሮ ጎረቤት፣ ጥርስ የሌለው ሽማግሌ፣ እጁን ከጆሮው ጀርባ አድርጎ ጥያቄውን ሦስት ጊዜ አስደገመ። በመጨረሻ፣ መኪናዎቹን ለትልቋ ነው የሰጠው አለ። የገዛ ምስክሯ! ላረጋግጥ ብዬ “ሰጣት ነው የሚሉኝ?” አልኩት። ጎንበስ ብሎ “አዎ፣ እሱኑ ነው የምለው” አለ። እንደዚያው ብለሽ መዝግቢ አልኳት ጸሐፊዋን።

ትልቋ ብድግ ብላ አንድ ነገር ተናገረች። “አንቺ ተቀመጪ፣ ምስክርሽ ተናግሯል” አልኳት። ተቀመጠች። መዝገቡን እንደ ወትሮው ዘጋሁት፤ የምስክሩ ቃል ተሰምቷል።

ምስኪን ሽማግሌ። ጆሮው እዚህ እስኪደርስ ሐኪም ቤት የሚወስደው ቤተሰብ የለውም እንዴ?

ኅዳር 3

ያቺ ሴት ምን ልትል ነበር የተነሳችው? ... የተሸነፈ ሁሉ ይነሳል።

ኅዳር 19

መጻፍ አልፈልግም። ግን ካልጻፍኩት ነገ ሌላ ስም አወጣለታለሁ።

የእህትማማቾቹ ቀጠሮ ነበር፣ የመጨረሻ ክርክር ሰምቼ ለፍርድ ልቀጥር። ትልቋ ፈቃድ ጠይቃ ተነሳች። ምስክሩ ሸጠው ነው ያሉት አለችኝ። እኔ የሰማሁት ሌላ ነው።

“እኔስ ምን አልኩ? ሰጠው ብለዋል፣ ተመዝግቧል።”

“ሰጠው አላሉም፣ ክብርት ዳኛ። ሸጠው።”

“ያው እኮ ነው የምትዪው።”

ችሎቱ ሳቀ። ሳቅ ወፍራም ነው፣ ሳቅ ይሰማኛል። ጸጥታ ብዬ ጠረጴዛውን መታሁ። እሷ አልሳቀችም። ወደ ፊት ቀረብ ብላ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው። “ሸ” አለች። “ሽንኩርት። ሸክላ። ሸጠ።”

ከንፈሯ ሲሾል አየሁ። በዓይኔ ነው የሰማኋት።

ወደ ጸሐፊዋ ዞርኩ። ያን ዕለት ምስክሩ ምን ነበር ያለው? አንገቷን ደፋች። ሸጠው ነበር ያሉት አለች፣ ፊቷን ቀና አድርጋ እንድትደግምልኝ ጠየቅኳት፣ ደገመችው። ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? “ሰጣት ብለሽ መዝግቢ አሉኝ፣ መዘገብኩ።” የትንሿን ጠበቃ አየሁት። ወረቀቱን ያገላብጣል። እሱም ያውቅ ነበር። ትንሿም ታውቅ ነበር። አዳራሹ በሙሉ ያውቅ ነበር። ያላወቅነው ሁለት ነን፤ እኔና ሽማግሌው። የማንሰማ ሁለት ሰዎች ግጥም አድርገን ተግባብተን ነበር።

ችሎቱን ዘጋሁ። ቢሮዬ ገብቼ ተቀመጥኩ። ከዚያ በፊት የነበሩትስ? ስንት ሰጠ፣ ስንት ሸጠ...

ኅዳር 20

የፍርድ ቤታችን ፕሬዚዳንት ዘንድ ገባሁ። አብረን ነው ዳኝነት የጀመርነው፣ ሆዴን ያውቃል። የእህትማማቾቹ መዝገብ ወደ ሌላ ዳኛ ይዛወርልኝ፣ ሽማግሌውም እንደገና ይሰማ አልኩት። እሺ አለ። ምክንያቱን ምን ብለን እንጻፍ አለ።

“ምስክሩን አልሰማሁትም ብለህ ጻፍ።”

“የምስክሩ ቃል ተሰምቷል ብለሽ የፈረምሽው እኮ አንቺ ነሽ።”

እውነቱን ነው። በየመዝገቡ ስፈርምበት የኖርኩት ቃል ነው፤ ተሰምቷል። ማን እንደሰማ አይናገርም። ሰዋስዉ ራሱ አምልጧል።

እሱ “የጤና እክል” እንበለው አለ። ቆየት ብሎ “ጊዜያዊ የጤና ሁኔታ”። ቀጥሎ ደግሞ “የሥራ ጫና”። ቃሉ እየለሰለሰ ሄዶ ሄዶ በመጨረሻ ታማሚዋ እኔ መሆኔ ቀርቶ መሥሪያ ቤቱ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ሳቄን ዋጥኩ። በቅርብ ጊዜ ምስክር የሰማሁባቸው መዝገቦች ባለጉዳዮችም ይነገራቸው፣ ቅር ያለው ምስክሩን ያስደግም አልኩት። ስንቱ ይመጣል፣ ፍርድ ቤቱን ገበያ ልታደርጊው ነው ወይ አለ። የመጣው ይምጣ። ተቆጣ። ቀስ ብሎ ነው የሚቆጣው፣ ስለዚህ ግማሹ አመለጠኝ።

እስኪወሰን ምስክር አልሰማም። በደብዳቤ ሳይሆን በራሴ ቃል።

ኅዳር 23

ባለሙያዋ ዘንድ ተመለስኩ። ገና ሳልቀመጥ ነው ክሴን ያሰማሁት። መጠነኛ ብለሽ ላክሽኝ፣ መጠነኛ ማለት ምን ማለት ነው?

ደነገጠች። በእኛ ሥራ አለች፣ ከቀላል በላይ ነው፣ ከከባድ በታች። ፊት ለፊት፣ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ደህና ይሰማሉ፤ ራቅ ሲል፣ ሰው ሲበዛ ብዙ ንግግር ያመልጥዎታል። ወፍራሙ ድምፅ ይገባል፣ ቀጫጭኖቹ ይቀራሉ፤ ስ፣ ሽ፣ ፍ...

“ታዲያ ይህን ለምን መጠነኛ ትሉታላችሁ?”

“ሰው እንዳይደነግጥ።”

“ሰው ይደንግጥ እንጂ! እኔ ደስ ብሎኝ ነው የወጣሁት።”

ይህን ስል ግን የራሴው ቤት ትዝ አለኝ። ሕጉ ውስጥ ቀላል እስራት የሚባል አለ። ስንት እናት “ቀላል” የምትለዋን ሰምታ ፊቷ ሲበራ፣ ዓመታቱን ስነግራት ሲጠፋ አይቻለሁ። እኛም ሰው እንዳይደነግጥ ይሆን እንደዚያ ያልነው? ለዚህች ልጅ አልነገርኳትም። ጠበቃ መሆን አይገባኝም፣ ለሷ።

ያን ዕለት ነግሬዎታለሁ አለች። ለኮምፒውተሩ ነው የነገርሽው አልኳት። ቀላች። ወንበሯን አዙራ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች፣ ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አላመለጠኝም።

ያመመኝ ግን ቀጥሎ ያለችው ነው። ጆሮዎ የጎደለውን አእምሮዎ ይሞላዋል አለች። በምን ይሞላዋል? “በሚጠብቀው ቃል።” ሲነጋገሩ የዋሉት ስለ ምንድን ነው፣ ቀድሞ ያሰቡት ምንድን ነው፣ እሱን ያሰማዎታል።

ለሌላ ሰው ይህ ስለ ጆሮ የተነገረ ነው። ለዳኛ ግን... ቀድሞ ያሰቡትን መስማት በእኛ ቤት ሌላ ስም አለው። ያን ጠዋት ጠበቃው ሰጣት፣ ሰጣት እያለ ሞልቶኝ ነበር። ሽማግሌው አፉን ሳይከፍት ቃሉን ጨርሼለታለሁ።

ልሄድ ስነሳ፣ እርስዎ ቢሆኑ ምን ይሉት ነበር አለችኝ፣ ከልቧ። አሰብኩ። “ጉድለት” እንደ ጥፋት ይሰማል። “ማጣት” ሁሉም የሄደ ያስመስላል። “መቀነስ” ገበያ ነው። “ችግር” ያልሆነ ነገር የለም። ስም አልመጣልኝም። ስሙን ተዪው፣ ምን ምን እንደሚያመልጠው ንገሪውና ምን እንደገባው መልሶ እንዲነግርሽ አድርጊ አልኳት። መነጽሯን ከግንባሯ ላይ አውርዳ ጻፈችው።

ታኅሣሥ 8

መሣሪያው ጆሮዬ ገባ። ባለሙያዋ መስሚያ ትለዋለች፣ ልጄ ማሽኑ ትላለች፣ ባለቤቴ ጉትቻሽ። ትንሽ ነው፣ ውስጡ ግን ዓለም ይንጫጫል። ወረቀት ይጮኻል። የራሴ ጫማ ይከተለኛል። ባለቤቴ ሾርባ ሲጠጣ... ይህን ሁሉ ዓመት እንደዚያ ነበር እንዴ? ልነግረው አስቤ ተውኩት። እሱም ስንት ነገር ችሎኛል።

በመሥሪያ ቤቱ ኮሪደር ሳልፍ ከኋላዬ ሁለት ጠበቆች “እህ መጣች” ተባባሉ። ማናት እህ ብዬ ዞርኩ። ከጠበቆቹ በቀር ማንም የለም። እኔ ነኝ። ክብርት እህ! ጸሐፊዋን አፋጥጬ ጠየቅኳት፤ ሰው በተናገረ ቁጥር “እህ?” ስለሚሉ ነው፣ ሁለት ዓመት ሆኖታል አለች። የፍርድ ቤቱ ሰው ሁሉ መርምሮኝ ሲያበቃ እኔ ከሁለት ዓመት በኋላ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። እውነት ለመናገር ደህና ስም ነው። አጭር ነው፣ ትክክል ነው፣ ከ“መጠነኛ” ይሻላል።

ታኅሣሥ 12

ትልቋን እህት ደረጃው ላይ አገኘኋት። ሽማግሌው ትናንት በአዲሱ ዳኛ ፊት እንደገና ተሰምቷል፤ በዚህ ጊዜ ጥያቄውን ጽፈው አሳይተውታል። ከመዝገቡ ወጥቻለሁና ስለ ጉዳዩ መናገር አይገባኝም። ይቅርታ ብቻ አልኳት። ታመሰግነኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር? ትንሽ።

“አለመስማትዎ አይደለም የከፋኝ” አለች። “ባይሰሙኝ ሰው ነዎት። አንቺ ተቀመጪ ያሉኝ ነው።”

ይህኛው የጆሮ ጥፋት አይደለም፣ በጆሮዬ ላይ አላላከክኩትም። ይቅርታ፣ እርስዎ አልኳት። አንገቷን ነቅነቅ አድርጋ ወረደች። መስማማቷ ይሁን መሸኘቷ አላወቅኩም።

ታኅሣሥ 20

ፕሬዚዳንቱ ፈቀደ። ለባለጉዳዮቹ ማስታወቂያ ወጥቷል። “በቴክኒክ ምክንያት” ይላል። ከዚህ በላይ አልታገለውም፤ እስካሁን የመጡት አራት ናቸው፣ ገበያ አልሆነም።

ነገ ምስክር ወደ መስማት እመለሳለሁ። ችሎት ስከፍት ምን ብዬ ልናገር? ባለቤቴ ቁጥሩን ንገሪያቸው አለ፣ ከወረቀቱ ላይ ዴሲቤሉን በቃሉ ይዞታል። ልጄ “የመስማት ተግዳሮት” በዪ አለች። ተግዳሮት! ተራራ የምወጣ አስመሰለችኝ።

ታኅሣሥ 21

ተናገርኩ። በደንብ አልሰማም አልኳቸው። ጆሮዬ ላይ መሣሪያ አለ፣ እሱም ሁሉን አይመልስልኝም። ስትናገሩ ፊታችሁን ወደ እኔ አድርጉ። የሰማሁትን መልሼ እነግራችኋለሁ፣ ከተሳሳትኩ አቁሙኝ። ይኸው ነው። ማንም አልሳቀም። አንድ ጠበቃ ከአፉ ላይ ወረቀቱን አነሳ።

የመጀመሪያው መዝገብ የአጥር ክርክር ነው፣ ሦስተኛ ቀጠሮው። ተከሳሿ እድሜያቸው የገፋ ሴት ናቸው፣ ጠበቃ የላቸውም። እጃቸውን አወጡ።

“እኔም አልሰማም፣ ክብርት ዳኛ።”

ካለፈው ቀጠሮ ወዲህ ነው ወይ አልኳቸው።

“ከመጀመሪያውም። ሰው ሲነሳ ተነሳሁ፣ ሰው ሲቀመጥ ተቀመጥኩ።”

“ክሱ ተነብቦልኝ ገብቶኛል ብለው ፈርመዋል እኮ።”

“እሺ አልኩ” አሉ። “እርስዎም እሺ አሉ።”

ወንበራቸውን ወደ እኔ አስጠጋንላቸው። የከሳሹ ጠበቃ ሰዓቱን አየ። ክሱን ከመጀመሪያው መስመር ጀምሬ አነበብኩላቸው፤ ቀስ ብዬ፣ ፊቴን ወደ እሳቸው አድርጌ። ሁለተኛው መስመር ላይ አስቆሙኝ።

“ይኼ አጥር እኮ የእኔ አይደለም” አሉ። “እኔ ስለ ውሃው ቧንቧ መስሎኝ ነው ስመላለስ የከረምኩት።”

ጸሐፊዋ ምን ልመዝግብ በሚል ዓይን አየችኝ።

“ያሉትን ጻፊ” አልኳት።